በሩን ቀይሩ ተባልን፤ ዋጋውን ማን ይንገረን?

ይድረስ፦ በከተማችን የንግድ፣ የሥራና ክህሎት እንዲሁም የመንገድና የግንባታ ሥራዎችን ለምትመሩ ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ለብረታ ብረት ሥራ ማኅበራት
ጉዳዩ፦ የግቢና የመኪና ማሳደሪያ በር ዋጋን ይመለከታል

ክቡራን ሆይ፣

እኛ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር የምንኖር የአንድ እድር አባላት ነን። መንገዱ ሲሰፋ አጥራችን ወደ ውስጥ ገባ። ይህን ያለ ክርክር ተቀብለናል፤ መንገዱ ለእኛው ነው ብለን የአጥሩን ድንጋይ በገዛ እጃችን ያነሣንም አለን። ከዚያ በኋላ የተለጠፈው ማስታወቂያ ግን ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። በመንገድ ዳር ያለ የግቢ በር ሁሉ በአዲስ የላሜራ በር እንዲለወጥ፣ ቀለሙ ግራጫ እንዲሆን፣ ሥራው ሰኔ ሳይወጣ እንዲያልቅ ያዛል። ያልቀየረ ሰው በሩ በራሱ ወጪ ይነሣበታል። ስለ ቀለሙ ይህን ያህል የተጨነቀው ወረቀት ስለ ላሜራው ውፍረት ምንም አይልም። ዋጋው በምን እንደሚሰላ፣ ውሉ ምን መያዝ እንዳለበት፣ የተበደለ ሰው የት እንደሚሄድም አላነሣም።

ገዢው ቀን እንደተቆረጠበት ያወቀ ሻጭ ዋጋ አይቀንስም። ማስታወቂያው በወጣ ሳምንት ከብየዳ ቤት ብየዳ ቤት ስንዞር የሰማነው መልስ አንድ ዓይነት ነበር፦ «ዛሬ ካልያዛችሁ ነገ ይጨምራል።» እውነትም ጨመረ። ወደ ደሴ ወርደን ጠየቅን፤ ኮምቦልቻም ዘመድ ያለው ዘመዱን አስጠየቀ። እዚያ የተነገረን ዋጋ ትራንስፖርት ተጨምሮበት እንኳ ከዚህኛው የሚያንስበት ጊዜ ነበር። ይህን ያህል ልዩነት በብረት ዋጋ ብቻ አይመጣም።

የመጀመሪያው ቅሬታችን በልኬቱ ላይ ነው። የግቢ በር በእኛ አገር የሚሸጠው በካሬ ነው፤ ቁመት በወርድ ይባዛል፣ የካሬው ዋጋ ይመታበታል። ቀላል ስለሆነ ሰው ይወደዋል። ነገር ግን ካሬ የበሩን ስፋት እንጂ በውስጡ ያለውን ብረት አይናገርም። ከአባሎቻችን አንዱ፣ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ለአንድ በር ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰበሰበ። ሦስቱም ላይ የተጻፈው «የግቢ በር፣ ብዛት 1» ብቻ ነው፤ ከታች ድምር አለ፣ ማኅተም አለ። ውዱ ከርካሹ በግማሽ ያህል ይበልጣል። ለምን እንደሚበልጥ ግን ከወረቀቱ ላይ ማንበብ አይቻልም። ርካሹ ስስ ላሜራ ይሁን፣ ውዱ የትርፍ ጉጉት ይሁን፣ ወይስ ሁለቱም ልክ ሆነው በብረቱ ይለያዩ እንደሆነ ባጃጅ ነጂው በምን ይወቀው?

የተለካበትም መንገድ የራሱ ጉድ አለው። የበሩ ክፍተት 3.40 በ2.30 ሜትር ነበር፤ ፕሮፎርማው ላይ 3.50 በ2.50 ተብሎ ሰፈረ። «ፍሬሙን ጨምሮ ነው» ተባለ። 7.82 የነበረው ካሬ 8.75 ሆነ። አንድ ካሬ ሊሞላ ጥቂት የቀረው በር በወረቀት ላይ ብቻ ተሠርቶ ተከፈለበት ማለት ነው። ለነገሩ ባጃጅ ለማስገባት 2 ሜትር ወርድ ይበቃ ነበር። «ኢንሻ አላህ ነገ መኪና ትገዛበታለህ» ብለው የመኪና በር ሸጡለት። ምርቃቱን አሜን ብለናል፤ ሂሳቡን ግን የከፈለው ዛሬ ነው።

ሁለተኛው የውፍረት ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ቆየት ብለን እንናገራለን፤ የሰው ገንዘብ የሚጠፋው በዋናነት እዚህ ነውና።

ላሜራ ቀለም ከተቀባ በኋላ ሁሉም ያው ነው። 0.7 ሚሊውም፣ 1 ሚሊውም፣ 1.5 ሚሊውም ግራጫ ለብሶ ሲቆም ከሩቅ አይለይም። ክብደቱ ግን አይዋሽም። አንድ ካሬ ሜትር ስፋትና 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል፤ ውፍረቱ ሲጨምር ክብደቱ በዚያው ልክ ይጨምራል፣ ሲቀንስ በዚያው ይቀንሳል። ቱቦላሬም፣ ማለትም የበሩ ፍሬም የሚሠራበት ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት፣ እንዲሁ ነው። ባለ 40 በ40 ሆኖ 6 ሜትር የሚረዝመው ዘንግ፣ ግድግዳው 2 ሚሊ ከሆነ 14 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 1.5 ሚሊ ከሆነ ወደ 11 ኪሎ ይወርዳል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም ያው 40 በ40 ናቸው። ባለሙያው ብረት ቤት ሄዶ ሲገዛ ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃል፣ ስስ ሲወስድ ቀንሶ ነው የሚከፍለው። ለእኛ ሲመልሰው ግን ሁሉም «አንደኛ ደረጃ» ነው።

አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት አባል አሉን። የግቢ በራቸውን አባታቸው በደርግ ጊዜ ያሠሩት ነበር፤ 3 ሜትር በ2.20፣ ሁለት ተከፋች። በ2014 ጦርነት ብዙ ቤት በሩ እየተሰበረ ሲዘረፍ የእሳቸውም በቁልፉ በኩል በዲጂኖ ተፈልቅቋል። በኋላ ያቺው ቦታ ላይ የመዳፍ ስፋት ያላት ቁራጭ ላሜራ ተበይዳ በሩ እስከ ዘንድሮ አገልግሏል። አሁን ቀለሙና ቅርጹ አይሆንም ተባሉና አዲስ አሠሩ። አሮጌው ግቢ ውስጥ ተጋድሞ ሳለ መካኒክ የሆነ አባላችን ካሊፐር፣ የውፍረት መለኪያውን፣ ይዞ ሄደ። የበሩ የታችኛው ጫፍ ላይ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርቧል፤ ላይ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሁሉም ሥር ቀይ አንቲረስት፣ ዝገት የሚከላከለው ቀለም። በሽቦ ብሩሽ ፍቆ ለካው፤ 1.5 ሚሊ። አዲሱን ለካው፤ 0.7 ሚሊ። በስፋታቸው ስናሰላው የአሮጌው ላሜራ ወደ 78 ኪሎ፣ የአዲሱ ወደ 36 ኪሎ ይመጣል። አዲሱ በር ንፋስ በመጣ ቁጥር ይርገበገባል፤ መምህርቷ ሌሊት ሰው የገባ እየመሰላቸው ይነሣሉ።

አሮጌውን በር የወሰደው ያው ባለሙያ ነው። «ማስነሻ አላስከፍልዎትም፣ እማ» አላቸው፤ እሳቸውም መርቀው ሸኙት። ቁራሌው እንኳ ብረት ሲገዛ በኪሎ ያስባል። ላሜራው ብቻ 78 ኪሎ ገደማ የሆነ፣ ቱቦላሬና አንግሉ ያልተቆጠረ በር ግን እንደ ውለታ ተቆጥሮ በነጻ ሄደ።

ስስ ላሜራ ክልክል ይሁን አላልንም። ለጓዳ በር፣ ለዶሮ ቤት፣ ለትንሽ መተላለፊያ ይበቃል፤ አቅሙ ያነሰ ሰው በግቢ በርም ላይ አውቆ ከመረጠው መብቱ ነው። አውቆ ይምረጠው ነው የምንለው። በወፍራም ዋጋ ስስ መሸጥ ግን ሌላ ስም አለው፣ እዚህ አንጽፈውም።

ሦስተኛው ቀብድ ነው። ቀኑ እያጠረ ሲመጣ ብየዳ ቤቶች ከጠቅላላው ዋጋ ሰባ በመቶውን ቅድሚያ ካልተከፈሉ አንነካም ማለት ጀመሩ። ባለቤታቸው ያረፉባቸው አንዲት አባላችን ከዕቁብ ወስደው ከፈሉ። አሮጌው በር ወዲያው ተነሣ፤ አዲሱ ግን አልመጣም። ሲጠይቁ «ብረት ጨመረ፣ ልዩነቱን ካላሟሉ አልችልም» ተባሉ። እስከዚያ ግቢያቸው በሸራ ተጋርዶ ሰነበተ። ለሰው ብቻ አይደለም የተፈራው፤ ሁለት በግ ያሳድራሉ፣ ጅቡ ደግሞ ከተማ ውስጥ እንደሚዞር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በመጨረሻ የተጠየቁትን ጨምረው ሰጡ። ምን አማራጭ ነበራቸው?

ሕጉ ግን እንዲህ ዝም ብሎ አልተዋቸውም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 ላይ፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ይህን የሚያውቅ የቤት ባለቤት በጣት ይቆጠራል። ቢያውቅም የያዘው ወረቀት የተቀበለውን የገንዘብ መጠንና አንድ ፊርማ ብቻ ስለሆነ፣ ገንዘቡ የተከፈለው እንደ ቀብድ ይሁን እንደ ግማሽ ክፍያ፣ ሥራው መቼ እንደሚያልቅ፣ ዋጋው የተቆረጠ ይሁን አይሁን ማስረዳት ይቸግረዋል። ለአንድ በር ብሎ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው ደግሞ የለም፤ ያንን ብየዳ ቤቶቹም ያውቃሉ።

የቫቱን ነገር በአጭሩ እንለፈው። ዋጋ ስንጠይቅ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» እንባላለን። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ያልተመዘገበ ሰው 15 በመቶ ከደንበኛ የመሰብሰብ መብት የለውም፤ የተመዘገበው ደግሞ ደረሰኝ መስጠት ግዴታው እንጂ ምርጫው አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ዋጋ በግልጽ እንዲለጠፍ፣ ለሸማቹም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። ከእናንተ የተሰወረ ነገር አልነገርናችሁም።

ከአባሎቻችን ጥቂቶቹ ምድር ቤታቸውን መኪና ማሳደሪያ አድርገው በሻተር፣ ወደ ላይ በሚጠቀለል የብረት በር፣ ነው የሚዘጉት። የእነሱ ችግር ለየት ይላል። አንድ የእህል ነጋዴ ሐጂ ጠዋት ሻተራቸው አልነሣ አላቸው፤ አይሱዙዋ ውስጥ ቀረች፣ ጭነቱ ደግሞ ለገበያ ቀን ነው። የመጣው ሰው ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ገፋ ገፋ አደረገና ሻተሩ በሙሉ ይቀየር፣ ሞተርም ይግባበት ብሎ ዋጋ ጻፈ። የተሰበረው ሞላው ብቻ ነበር። ቅጠሉ፣ ማለትም ተጠቅላዩ ላሜራ፣ አልተጣመመም፣ ሀዲዱም ደህና ነው።

ሞላ ዕድሜ አለው። ለመኪና ቤት በር የሚሠራ የተለመደ ሞላ 10 ሺህ ጊዜ ያህል ተከፍቶ እንዲዘጋ ታስቦ ይሠራል፤ በቀን አራት ጊዜ ለሚከፈትና ለሚዘጋ በር ይህ 7 ዓመት ገደማ ነው። የበሩን ክብደት የሚሸከመው እሱ ስለሆነ ሲሰበር በሩ በድንገት እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ የማያውቅ ሰው ሁሉ ነገር ያበቃለት ይመስለዋል። መፍትሔው በክብደቱ ልክ የሆነ ሞላ መቀየር ነው። ይህን ግን ሰው በራሱ እንዳይሞክረው አደራ እንላለን፤ ተጠምዝዞ የታመቀ ሞላ ሲፈታ እጅ ይሰብራል፣ ከዚያም የባሰ ያደርጋል። ለዚህ ሙያና ለዚህ አደጋ ባለሙያ ደህና ገንዘብ ቢጠይቅ አንከራከርም። የምንከራከረው ባልተበላሸው ላይ ነው። ሞተሩም ቢሆን መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ከተማ በእጅ መሳቢያ ሰንሰለት ከሌለው ሐጂን ከገዛ ቤታቸው ደጅ ያሳድራቸዋል፤ ዋጋውን የጻፈው ሰው ስለ ሰንሰለቱ አላነሣም።

ከተገጠመ በኋላ ያለውም አያስመካም። ከተማችን ተዳፋት ላይ ናት። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር መሬቱ ከፍ ካለ ይፍቃል፣ በያጁ ደግሞ ይህን የሚያየው ገጥሞ ከጨረሰ በኋላ ነው። ማጠፊያው ያለ ኩሽኔታ ከሆነ ከባድ በር ከጥቂት ወራት በኋላ ይወርዳል። አንቲረስት ሳይቀባ ቀለም የተቀባ በርም ክረምቱ ሲገባ ከታች ጀምሮ ይዝጋል። «መጥተህ አስተካክል» ሲባል ስልክ አይነሣም።

ብረት ሠሪውን ሁሉ በአንድ ዓይን አላየንም። የእድራችን ልጆችም በዚህ ሙያ ይተዳደራሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል፤ የላሜራው ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ነውና ዋጋው አብሮ ወጣ። መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ይበይዳሉ፣ ነዳጁም ዋጋ አለው። አዲስ አበባ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ዕቃው ከዚያ ሲመጣ የጭነቱ ሂሳብ ይገባናል። ግን ብረታ ብረት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ያሉባት ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት። ከዚያ የመጣ ዕቃም የአዲስ አበባ ጭነት ሲጨመርበት አይተናል። እውነተኛ ወጪ ያለበት ባለሙያ ወጪውን በዝርዝር ቢያሳየን እንከፍላለን። ሁሉንም በአንድ ድምር ሸፍኖ «ዶላር ነው» ማለት ግን መልስ አይሆንም። ታማኙም ባለሙያ የሚጎዳው በዚሁ ነው፤ 1.2 ሚሊ አስገብቶ የሠራው በ0.7 ከሠራው ጋር በካሬ ዋጋ ሲወዳደር ይሸነፋል።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት ቀኑ ይራዘም። ሰኔ ብሎ ነገር ዝናቡ የሚገባበት ነው፤ በዝናብ የተቀባ ቀለም አይዝም፣ በር የሌለው ግቢም በክረምት አይታደርበትም። ሁሉን ሰፈር በአንድ ቀን ከማስጨነቅ በየተራ ቢደረግ ብየዳ ቤቱም ፋታ ያገኛል፣ ዋጋውም ይረጋጋል። ደህና ሆኖ የቆመ የላሜራ በር ያለው ሰው ደግሞ ቀለም ቀብቶ ብቻ እንዲቀጥል ይፈቀድለት። የመምህርቷን በር የመሰለ በር አውልቆ ቆሻሻ ማድረግ ለመንገዱም ውበት አይጨምርም።

ቀጥሎ የፕሮፎርማው ጉዳይ። ፈቃድ ያለው ብየዳ ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ቅጽ እንዲጠቀም አድርጉ፦ የክፍተቱ ትክክለኛ ልኬት፣ የላሜራው ውፍረት በሚሊ፣ የቱቦላሬው መጠንና ውፍረት፣ የማጠፊያውና የቁልፉ ዓይነት፣ አንቲረስትና ቀለም፣ የእጅ ዋጋ ለብቻ፣ ማጓጓዣና መግጠሚያ ለብቻ፣ ቫት ካለ ለብቻ። ከታች ደግሞ ሥራው የሚያልቅበት ቀን፣ አሮጌው በር የማን እንደሚሆንና በስንት ኪሎ እንደታሰበ፣ እንዲሁም ቢያንስ እስከሚቀጥለው ክረምት ማብቂያ የሚቆይ የጥገና ዋስትና። ይህ አንድ ገጽ ነው፤ ከበጀት የሚጠይቀው የማባዣ ወረቀት ብቻ ነው።

የዋጋ ጣሪያ አውጡልን አንልም። ጣሪያ ሲወጣ ዕቃው ከመደብር ወደ ጓሮ እንደሚገባ ስኳርና ዘይት አስተምረውናል። የምንፈልገው በየሳምንቱ የላሜራና የቱቦላሬ የኪሎ ዋጋ በየውፍረቱ ተጠይቆ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ እንዲለጠፍ ነው፤ ከኮምቦልቻና ከደሴ የተጠየቀውም ጎን ለጎን ይታይ። ሂሳቡን እኛው እንሠራዋለን።

በየቀበሌው አንድ ካሊፐር ይኑር፣ በእሱ የሚለካ ሰውም ይመደብ። የቴክኒክና ሙያ መምህራን ይህን ለመሥራት ፈቃደኞች እንደሚሆኑ እናምናለን፤ ለተማሪዎቻቸውም የተግባር ልምምድ ነው። በሩ ከመቀባቱ በፊት እንዲለካ የፈለገ ባለቤት መብቱ ይጠበቅለት።

ስለ ቅድሚያ ክፍያ፣ ከግማሽ በላይ እንዳይጠየቅና ሲከፈልም ቀብድ መሆኑ፣ ዋጋውም የማይለወጥ መሆኑ በውሉ ላይ እንዲጻፍ የብረታ ብረት ማኅበራቱን ጠርታችሁ ተስማሙበት። እኛም እንጠራ፤ የእድራችን ሽማግሌዎች ለመቀመጥ ዝግጁ ናቸው። እስካሁን ተከፍሎባቸው ያልተሠሩ በሮች ዝርዝር፣ የክፍያ ወረቀቶቻቸው ቅጂና የተለኩት በሮች ውፍረት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዞ ለጽሕፈት ቤታችሁ ገብቷል። ባለቤታቸው ያረፉባቸውን የአባላችንንም የሐጂንም ጉዳይ ከእነዚህ ውስጥ ታገኛላችሁ፤ ሸራ የጋረዱት ቤቶች በቅድሚያ እንዲታዩ እንጠይቃለን።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ማስታወቂያውን በለጠፋችሁበት በዚያው ቦታ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር

የእድሩ ጸሐፊ
በአባላቱ ጠቅላላ ስብሰባ ስም
ወሎ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.